ቀይዋ መኪና

እህቴ ባለፈው ወር የገዛቻትን ቀይ መኪና ከባሏ አስበልጣ ነው የምትሳሳላት። ዙሪያው ያለው ደን ከሰደድ እሳት በኋላ እያገገመ ነው የተባለለትን የተራራ ሐይቅ እንይ ብላት፣ ትጫርብኛለች ብላ በስንት ልመና መጣች። ከደኑ ጥበቃ ቤት ፊት ለፊት፣ ውሃው ዳር ጠጠሩ ላይ አቆመቻት።

ሽማግሌው ጥበቃ በየዓመቱ ከበራቸው ላይ ቆመው ያነሷቸውን ሦስት ፎቶዎች ግድግዳው ላይ አሳዩን።

«ደኑ እንዴት እንዳገገመ እዩልኝ፣ ልጆቼ» አሉ እየተኩራሩ።

በመጀመሪያው ፎቶ ምድሩ ሁሉ ከሰል ነው፤ ውሃው ዳር ቀይ መኪና ቆማለች። በሁለተኛው ሣር ጎማዋን ውጦታል። በሦስተኛው ቁጥቋጦ በመስኮቷ ብቅ ብሏል።

«አባባ፣ መኪናዋ የማን ናት?» አልኳቸው።

«የሁለት እህትማማቾች ናት። ሐይቁን ሊያዩ መጥተው፣ ይኸው እስካሁን አልሄዱም።»

ሳቅ አልኩና ወደ እህቴ ዞርኩ። እሷ ግን ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተጠግታ የመኪናዋን ታርጋ እያነበበች ነበር።

«ነይ፣ እንሂድ» ብላ እጄን ጎትታ ወጣች።

«ቀስ በሉ፣ ቡቃያውን እንዳትረግጡብኝ» አሉ ሽማግሌው ከኋላችን።

ስንመጣ ጠጠር ብቻ የነበረው ቦታ ላይ ሣሩ ጉልበቴ ድረስ መጣ። እህቴ የመኪናዋን በር ሁለት ሦስቴ ሳበችው፤ አልከፈት አላት። ከውስጥ ቁጥቋጦ ይዞት ነበር።