የሙከራው ሹፌር

ሰመራ ላይ ለጭነት መኪኖች ተራ የሚያወጣውን የጃቫ ፕሮግራም ወደ አንድ ፋይል ስጠቀልልና ሰርቨር ላይ ስጭን ዋልኩ። እስከ ማታ ካልሠራ፣ ከጀርመን ስመለስ ያገኘሁትን ሥራ አጣለሁ።

ችግሩ ካሕሳይ ነው። እንዲህ የሚባል ሹፌር የለም፤ ተማሪ ሳለሁ ፕሮግራሙን ስጀምር ለሙከራ ፈጥሬ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ገዋኔ ከተማ ላይ ያቆምኩት ነው። ከኮዱ አጥፍቼው እንደገና ጫንኩ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ይህ ወጣ።

ተራ አንድ፦ ካሕሳይ፣ ገዋኔ።

ጥቅሉን ከፍቼ ፈለግሁ፤ ስሙ የለም። ሰርቨሩን አጽድቼ ደገምኩት።

ተራ አንድ፦ ካሕሳይ፣ አዳይቱ።

አዳይቱ ከገዋኔ ወደ ሰመራ ሲመጡ መንገድ ላይ ናት፤ እኔ ግን ኮዱ ውስጥ ስሟን ጽፌ አላውቅም።

«አንተ የፈረንጅ አገር ምሩቅ!» አለኝ ሹፌሩ ዳውድ ተራው የሚታይበትን ስልኩን በቢሮዬ መስኮት እያሳየኝ። «ተራዬን ለሌለ ሰው ሰጥተህ በፀሐይ ታስጠብሰኛለህ?»

«አሁን ይስተካከላል፣ ጋሽ ዳውድ።»

እልህ ያዘኝ። ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ ጠቀለልኩና ጫንኩት።

ተራ አንድ፦ ዳውድ፣ ሰመራ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። «ተራው የእርስዎ ነው፤ ይግቡ!»

ዳውድ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ጭነት መጫኛው ቦታ ዞሮ እያየ ነበር።

«ወላሂ አንድ ሹፌር ቀድሞኝ ገባ፤ እየጫነ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «‹ገዋኔ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ያቆመኝ ልጅ የቱ ነው?› እያለ ይጠይቃል።»