የውሰት እሹሩሩ

ትርሲት ታናሽ ወንድሟን ያቤጽን አዝላ ሳሎኑ ውስጥ ቀስ ብላ ትመላለሳለች። ዝናቡ ገና አባርቶ ጣሪያው ይንጠባጠባል። ያቤጽን በመዳፏ መታ መታ ስታደርገው ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ከሙያ ቅምሻ ትምህርቶች የመረጠችው ልጅ ማሳደግን ነበር። በዚህ ዘመን ሙያ አይጠናም፤ ከሚያውቀው ሰው ላይ ይዋሱታል። ያዋሰውም ሰው እስኪመለስለት ድረስ ጨርሶ አያውቀውም። ትርሲት የተዋሰችው የእናቷን እሹሩሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያቤጽ በእናቱ እቅፍ አይተኛም።

"ነገ የውሰቱ ጊዜ ያልቃል፤ ካልመለስሽው ያንቺ ሆኖ ይቀራል" አለች እናቷ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ። "ያዢው። እንጀራ ይሆንሻል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ልቅሶውን ለምጄዋለሁ።"

"እማዬ ደግሞ! ትናንት ጓዳ ገብተሽ አብረሽው ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ።"

"ይሄ ጆሮሽ!" እናቷ ሳቅ ብላ ፊቷን አዞረች።

"እመልሰዋለሁ" አለች ትርሲት። "ከዚያ አንቺው ታስተምሪኛለሽ፤ ቀስ እያልሽ።"

"አሁን እንዲያ የሚማር ሰው አለ? ዓመታት ይፈጃል እኮ።"

"ይፍጃ!"

ያቤጽ ተኝቷል። ትርሲት ከጀርባዋ አውርዳ እናቷ አጠገብ አስተኛችው። ማዘያውንም አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።