የስቅታው ክር

በዶሚኒካ ደሴት እንዲያ ያለ ስቅታ ታይቶ አይታወቅም፤ ሕፃኑን ስቅ ባለው ቁጥር የሆስፒታሉ የብረት አልጋዎች ይዘልሉ ነበር፤ ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦችም ሳይወዛወዙ አልቀሩም። ከቶሮንቶ ለአንድ ወር የመጣችው የሕፃናት ሐኪም ግን ከሞት አፍ ያወጣችውን ልጅ ታቅፋ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስዳት የመጣውን ሾፌር «ስቅታው ሳይለቀው አልሄድም» አለችው።

«እናንተ አገር ክር የለም እንዴ ዶክተር?» አለች ነርሷ እየሳቀች። «አርጥበው ግንባሩ ላይ ይለጥፉለት፤ አሁኑኑ ይለቀዋል።» ሐኪሟ አመነታች። ከዚያ ከነጭ ጋዋኗ ጠርዝ አንድ ክር መዛ በምራቋ አራሰችና ለጠፈችለት። ስቅታው ቀጥ አለ። ደሴቲቱም አረፈች።

ይሄኔ እናቱ ከሆቴል ሥራዋ እየሮጠች ደረሰች። ነጩን ክር አየችና ቀይ ቀሚሷን ቁልቁል ተመለከተች። «ከእናት ልብስ ካልተመዘዘ እኮ አይሠራም» አለች ግራ ገብቷት። «ለእርስዎ እንዴት ሠራ?»

ሐኪሟ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ሾፌሩ ሻንጣዋን አነሳ። ልጁን ለእናቱ አቀበለችና በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ አንዲት ስቅታ ብትሰማ ብላ።