የማለዳው ዋሽንት

የሎርድነቱ ማዕረግ ከሞተው አጎቱ ሲተላለፍለት ክሌይተን ኔብራስካ ውስጥ ትራክተር እየሸጠ ይኖር ነበር። ስኮትላንድ መጥቶ አንድ ክረምት በአጎቱ የድንጋይ ቤት ከረመና በቃው። አንድ ማለዳ ማንንም ሳይሰናበት ሻንጣውን መኪና ላይ አስጭኖ ከሾፌሩ ከሽማግሌው ዱጋልድ ጎን ገባ።

መኪናው እንደተነሳ ከኋላቸው የስልቻ ዋሽንት ተሰማ። የቤቱ ወግ ነው፤ ነፊው በየማለዳው ከሎርዱ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ቆሞ ይነፋል፣ ሎርዱ ብቅ ብሎ እጁን ካላነሳለት አያቆምም።

«እንደሚሄዱ አልነገሩትም እንዴ፣ ጌታዬ?» አለ ዱጋልድ።

«ተወው፣ ሳንባው እስኪፈነዳ ይንፋ!» ክሌይተን ሳቀ።

«አጎትዎም ሲሄዱ እንደዚሁ ይሉ ነበር።»

«አጎቴ እኮ ዕድሜ ልኩን ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ኧረ እኔ ራሴ ስንቴ በዚህ መኪና ይዣቸው ወጥቻለሁ!»

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ዋሽንቱ ቀጥ አለ።

ዱጋልድ መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላ ዞረና ቆቡን አነሳ። «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ» አለ ወደ ቤቱ እያየ።

ክሌይተንም ዞረ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ሰው ቆሟል፤ ክሌይተን ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ የከተተውን ሰማያዊ ፒጃማ ለብሷል፣ እጁንም አንስቷል። ከሩቅ ለሚያየው ሰላምታ ይመስላል። ሰውዬው ግን መስታወቱን እየደበደበ ነበር። ክሌይተን ይህን ያወቀው ጭኑ ላይ ያረፈው የገዛ መዳፉ በእያንዳንዱ ምት ሲጠዘጥዘው ነው።