የታዘዘው ወንበር

ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተሰልፎ የጓደኛውን አንገትጌ በንቀት ይመረምር ነበር። የፀጉሩ ቀለም ከላብ ጋር ወርዶ ነጩን ሸሚዝ አጥቁሮታል። በዚህ ዕድሜ ፀጉር መቀባት! ያውም ከጆሮው ኋላ በቅጡ አላዳረሰውም። ሳቁም እንደዚያው ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ያሽካካል። እርጅናን በቀለም የሚሸሽ ሰው ለሰዓት ሠሪው መሳቂያ ነበር። እሱ ራሱ ግን ጉልበቱ እየጠዘጠዘው ከዘራ ይዞ ከመታየት ሞቱን ይመርጣል።

አንዲት ሠራተኛ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። "አባቶቼ፣ ልጃቸው ወንበር ያዘዘችላቸው የትኛችሁ ናችሁ?" ሰልፈኛው ዞረ። ሰዓት ሠሪው የልጁ ሥራ መሆኑ ወዲያው ገባውና አንገቱን ደፋ።

"እኔ ነኝ እንጂ!" አለ ወልዶ የማያውቀው ጓደኛው፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ እያለ። "የኔ ልጅ መቼም አትረሳኝ!" ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሮም፣ "አንተ ጎረምሳ፣ ሻንጣህን ጭኔ ላይ ጣላት።"

ሰዓት ሠሪው ቀጥ ብሎ ከኋላ ተከተለ። "ቀልማዳ!" አለውና ጎንበስ ብሎ የጠቆረውን አንገትጌ ወደ ውስጥ አጠፈለት።