የተዘጋው ጥያቄ

አምቡላንሱ የሄደው ወደ አሮጌው ቤታቸው ነበር። ልጇ አዲሱ ቤት ወለል ላይ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ እጇን እንደያዘ ሞተ።

እናትየዋ ፕሮግራመር ናት፤ ለልጇም ሙያውን ያስተማረችው እሷው ነች። ከለቅሶው በኋላ ልጇ ይሠራበት የነበረው፣ የአምቡላንስ መላኪያውን ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት ቀጠራት። አለቃው ልጇ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሰጣት፤ ሰዉም ደግነቱን አወራለት። እሷ ግን የገባችው ለደሞዝ ብላ አይደለም። አምቡላንሱ በስልኩ ወደተመዘገበው አድራሻ ከመላኩ በፊት ደዋዩን «አድራሻዎ አልተቀየረም?» ብሎ የሚጠይቀውን ኮድ ማን እንደዘጋው ልታውቅ ነው። ያ ጥያቄ ባይዘጋ ኖሮ ልጇ ዛሬ በሕይወት ነበር።

አለቃውን ጠረጠረችው። ባያት ቁጥር ዓይኗን ይሸሻል። ስትጠይቀው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ፤ ይተዉት» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። ይተዉት ማለት ምን ማለት ነው? የእሱ ልጅ አልሞተበት!

ኮምፒውተሯ ላይ ኮድ የሚያነብላት የኤአይ ረዳትም ምንም አልፈየደላት፤ የሚያየው የተከፈተለትን ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ የኮድ መተንተኛ መሣሪያ ልትገጥምለት ተነሳች፤ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደሚጠራ፣ መቼ እንደተነካ ተከትሎ የሚያሳየው። ጫነችው፤ እምቢ አለ። አስተካክላ ደገመችው፤ ቀይ ጽሑፍ ደረደረባት። ልጇ ቢኖር ከኋላዋ ቆሞ ይስቅባት ነበር። የመጨረሻ ራታቸው ትዝ አላት፤ አዲሱ ቤት የገቡ ዕለት። በስልክ ነዝንዛ ነዝንዛ በጊዜ መጣላት፣ በሉ፣ ተሳሳቁ። ያመመው በዚያው ሌሊት ነው። እንኳን ነዘነዝኩት ትላለች ሁሌም፤ ያቺ ራት ብቻ ነች የቀረቻት።

መሣሪያው በመጨረሻ እሺ አለ። የድሮው ኮድ ማህደር ግን ተቆልፏል፤ የይለፍ ቃሉም ያለው አለቃው ጋ ብቻ ነው። አስጠራችው።

«ክፈትልኝ።»

«ከፈለጉ ይክሰሱኝ፣ እትዬ። ይሄን ግን ይተዉት።»

«ልጄን ገድለህ ደግሞ ትለምነኛለህ?»

አለቃው ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ አለ። የይለፍ ቃሉን ጻፈ። መውጣት ሲገባው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ድፍረቱ ገረማት።

ጥያቄውን ማን እንደዘጋው ረዳቱን ጠየቀችው። የተዘጋውን መስመር አወጣላት፤ ከላዩ የዘጋው ሰው የተወው ማስታወሻ አለ።

«ይሄ ጥያቄ ሥራዬን ስላስቸገረኝ ለዛሬ ዘግቼዋለሁ፤ ጠዋት አስተካክዬ እከፍተዋለሁ። እማዬ ራት አቅርባ እየደወለችብኝ ነው።»