ከቀዩ ክር በላይ

ሐኪሙ የሴትዮዋን ቀኝ አውራ ጣት ወደ መዳፏ አጥፎ ሌሎቹን ጣቶች በላዩ ላይ አስጨበጣት። ከዚያ ጡጫዋን ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ በትንሿ ጣት በኩል ዘንበል አደረገው።

«ወይኔ እናቴ!» አለች።

«ይኸው ተገኘ። ጅማቱ ተቆጥቷል። አንድ ዓይነት ሥራ ሲደጋግም የኖረ እጅ እዚህች ቦታ ላይ ሲነኩት ይጮኻል።»

ሠላሳ ዓመት በልብስ ፋብሪካ ትርፍ ክር በመቀስ ስትቆርጥ ኖራለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ሹራብ ትሠራለች። እጇ በማሰሪያ ተይዞ ሦስት ወር ከተቀመጠ በኋላ ሐኪሙ ሹራቡን ፈቀደላት፤ በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ።

«ከዚያ ካለፉ ግን፣ እማማ፣ ወደ ቢላዋ ነው የምንሄደው። ከቢላዋ በኋላ ጣትዎ ለመታዘዙ እኔ ዋስ አልሆንም።»

ባሏ ቃሉን እንደ ሕግ ያዘው። ጡረታ የወጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። የስኳር ጣሳ ሳይቀር ስለሚቆልፍ ጎረቤቱ «ቁልፉ» ይለዋል።

ሚስቱ የምትሠራው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ልጃቸው ለአባቷ ጀምራው፣ ሳትጨርሰው የሞተችበት ግራጫ ሹራብ። ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። የቀረው አንድ እጅጌ ነው።

«እጄ ሳይከዳኝ ይቺን እጅጌ ልጨርስላት። ከዚያ ቢቆርጡትም ይቁረጡት» አለች ሚስቱ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት! ክፉ አትጥሪ።»

ጠዋት ጠዋት የጠረጴዛውን ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ይሞላል። ሰዓቱ ሲጮኽ፣ ሥራው የቆመበት ቦታ ላይ ቀይ ክር ያስርና መርፌዎቹን ይቀበላታል። ከምሳ በኋላ እሷ ግድግዳ ለግድግዳ ከምትጎራበታት እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። እሱ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ ጥሎ ወንበሩ ላይ ሸለብ ያደርገዋል።

በአምስተኛው ቀን ከቀዩ ክር በላይ ሦስት መስመር ተጨምሮ ተገኘ።

«ሰርቀሽ ሠርተሻል!»

«እኔ? እህቴ ቤት አንተን ሳማ ነው የዋልኩት። ለሐሜት ደግሞ እጅ አያስፈልግም።»

«ታዲያ ማን ሠራው? ድመቷ?»

«ድመቷ ብትሆን ጥሩ ነበር። አይጥ መያዝ እንኳ አቅቷታል።»

እሱ አልሳቀም። ሹራቡን ከነመርፌዎቹ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ከቀበቶው ጋር አሰረው። በማግስቱ ከእንቅልፉ ሲነቃ ብርድ ልብሱ ላይ የተቀመጠውን ግራጫ ብናኝ አራገፈና ሣጥኑን ሊከፍት ሄደ። ቁልፉን ሲያዞር እጁ ዛለበት። ብርዱ ነው አለ በሆዱ።

ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነበር። ከቀዩ ክር በላይ ግን አምስት መስመር ተጨምሯል።

ሚስቱ ስትመለስ መነጽሯን አድርጋ እጅጌውን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ና እስቲ እይ። የእኔ ቀለበቶች ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። እነዚህ እግራቸውን አጣምረዋል። ክሩን በተቃራኒው ጠምጥማ የምትሠራ አንዲት ሰው ነው የማውቀው።»

ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብለው አዩ።

ልጅቷ ሹራብ የለመደችው በሰባት ዓመቷ ነው። እናት ጎህ ሲቀድ ፋብሪካ ገብታ ሲመሽ የምትመለስበት፣ አባት እግሩ ተሰብሮ ቤት የተኛበት ዓመት ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረው የሚውሉት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። እናት በኋላ አቃናታለሁ ብትል አልሆነላትም። ጠማማው ቀለበት ከልጅቷ እጅ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሽማግሌው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የመርፌ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ደንግጦ ሲነቃ ክፍሉ ባዶ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ የእንጨት መርፌዎቹን ሲነካቸው ግን ሞቅ ብለው ያገኛቸዋል።

ሚስቱ አልፈራችም። እንዲያውም ከባዶው ወንበር ጋር ማውራት ጀመረች።

«በርቺ እናቴ። ክሩ እንዳያልቅብሽ ሌላ ድውር ጨምሬልሻለሁ።»

«ተይ! ሙት አይጠሩም።»

«እኔ መቼ ጠራኋት? ራሷ መጣች እንጂ።»

እሱ ግን ገበታ ቢቀርብለትም አይበላም። አንዴ ልጁን ይፈራል፤ አንዴ ደግሞ ሚስቱ በሆነ ዘዴ እያታለለችው እጇን ለቢላዋ እያዘጋጀች ይመስለዋል። ሻይ ሲቀዳ ማንቆርቆሪያው እስኪከብደው ድረስ ከሳ። እጅጌው ሊያልቅ አራት ጣት ሲቀረው እሱ ወሰነ። ሙትም ትሥራው ሕያው፣ እውነቱን የሚናገር የሚስቱ እጅ ነው። ይዟት ሐኪሙ ዘንድ ሄደ።

ሐኪሙ አውራ ጣቷን አጠፈ። ጡጫዋን ወደ ታች ዘንበል አደረገው። ሽማግሌው ጠጋ ብሎ አየ።

እሷ ፈገግ አለች። «ምንም የለም።»

«ድኗል» አለ ሐኪሙ። «እንዲህ ያለ ታዛዥ በሽተኛ አይቼም አላውቅ። ይህ እጅ ከአሥር ደቂቃ አላለፈም። ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በሚስቱ እጅ ላይ አፈጠጠ። እንግዲያው እሷው ናት፤ ልጁ ናት። ሊነሳ ሲል ወንበሩ አደናቀፈው። ሐኪሙ ፈጠን ብሎ ቀኝ እጁን ያዘና ሳብ አደረገው።

ሽማግሌው ጮኸ።

ሐኪሙ እጁን አልለቀቀውም። መልሶ አስቀመጠው፤ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ ሌሎቹን ጣቶች በላዩ ላይ አስጨበጠው፤ ጡጫውን ቀስ ብሎ ወደ ታች ዘንበል አደረገው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ሚስቱ ከጮኸችው አብልጦ ጮኸ።

«አባባ» አለ ሐኪሙ፣ «እርስዎ ሹራብ መሥራት ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»